ጣሃ ሦስት ጊዜ የነካው ቁልፍ

የሉጥፊ ትራክተር ማከራያ ያለው በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ከተማ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ነው። ዐሥራ አንድ ትራክተሮች አሉት። ኸሪፉ፣ ማለትም የዝናቡ ወቅት፣ ሲገባ ዐሥራ አንዱም ግቢውን ለቀው ከባሱንዳ እስከ መፋዛ ይበተናሉ። ያ አገር ጥቁር መሬት ነው። ዝናብ ሲያንሰው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ሲበዛበት ጎማ ይውጣል። ለማረስ የሚመቹት በመካከል ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ እነሱ ካመለጡ የዓመቱ ማሽላና ሰሊጥ አብሮ ያመልጣል። ስለዚህ ገበሬው ሁሉ ትራክተር የሚፈልገው በአንድ ሳምንት ነው።

ይህን ጣጣ ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከመው ያረጋል ነበር። ያረጋል በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከአርማጭሆ በእናቱ እጅ ተይዞ የመጣ፣ በሉጥፊ አባት ግቢ ትራክተር ከማጠብ ተነሥቶ ሥራ አሰማሪ እስከ መሆን የደረሰ ሰው ነው። መሣሪያው አንድ ቀለሙ የለቀቀ ስልክና አንድ ደብተር ነበር። ማለዳ ለሾፌሮቹ በየተራ ይደውላል። «እንዴት አደርክ? እዚያ ጣለ ወይስ አለፋችሁ? የልጅህ ዐይን እንዴት ሆነ?» ይላል። ወሬው ሲያልቅ «በል አሁን ወደ እገሌ እርሻ ተሻገር» ብሎ ይዘጋል።

አምና ግን ተሳሳተ። ለአንድ ገበሬ ሁለት ትራክተር ላከና፣ መፋዛ አጠገብ መሬት ያላት አምሳለ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከደብተሩ ወደቀች። አምሳለ ሰው መቆጣት የማትወድ ሴት ናት። «ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል» እያለች ሁለት ሳምንት ጠበቀች። መሬቷ ሳይዘራ ከረመ።

ሉጥፊ ብፅአትን የቀጠረው ከዚያ በኋላ ነው። ብፅአት እዚያው ገዳሪፍ ከኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ተወልዳ ካርቱም ኮምፒዩተር የተማረች፣ ጦርነቱ ሲነሣ በአንድ ሻንጣ ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት። የአምሳለን ታሪክ ስትሰማ አንጀቷን በላት። ሁለት ወር ተቀምጣ ሲስተም ሠራች። ገበሬው ጥያቄውን በስልኩ ይልካል፤ ሲስተሙ ተራና ርቀት አይቶ ትራክተር ይመድባል፤ የሾፌሩ ስልክ ያለበትን ቦታ ለቢሮው ይልካል፣ በካርታው ላይ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሾፌሩ ማድረግ ያለበት ቁልፍ መንካት ብቻ ነው። «ደረስኩ»፣ «ጀመርኩ»፣ «ጨረስኩ»፣ «ቆሜያለሁ»። «ቆሜያለሁ» ሲል ምክንያቱን ከዝርዝር ይመርጣል፤ ዝናብ፣ ጭቃ፣ ናፍታ፣ ጎማ፣ ሞተር፣ ማረሻ፣ ሌላ። ዝርዝሩን በዐረብኛም በአማርኛም የጻፈችው ብፅአት ራሷ ናት።

ሉጥፊ ደስታውን አልቻለውም። ሾፌሮቹን ግቢ ውስጥ ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስልክ መደወል ኸላስ፣ አበቃ! ሁሉም ነገር በሲስተሙ» አለ። ያረጋልን ደግሞ ትከሻውን መታ አድርጎ ወደ መለዋወጫ መጋዘኑ አዛወረው። ያረጋል አልተከራከረም። ደብተሩን ብብቱ ሥር ከቶ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር ሲስተሙ ሠራ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ገበሬ ሁለት ጊዜ አልተላከለትም፣ አንድም አልተረሳም። አምሳለ ከማንም ቀድማ አረሰች። ከሾፌሮቹ መካከል አንዱ ብቻ ልማዱ አልለቀቀውም። ጣሃ ነው። ጣሃ ከመተማ ዮሐንስ የመጣ፣ አርባ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ወደ ቢሮ ደውሎ «እንዴት አደርሽ ልጄ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው? ይኸውልሽ እዚህ ያለው መሬት» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ብፅአት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ እየሠራች ነበርና «ጋሽ ጣሃ፣ በሲስተሙ ያስገቡት፤ እዚያ አየዋለሁ» አለችው። በትሕትና ነው ያለችው። ጣሃም «እሺ ልጄ» ብሎ ዘጋ። ከዚያ በኋላ አልደወለም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሰኞ፣ ሲስተሙ ጣሃን ከነበረበት እርሻ አንሥቶ ባሱንዳ አቅጣጫ ወዳለው ወደ ያዕቁብ መሬት መደበው። ያዕቁብ የድሮ ደንበኛ ነው። የጣሃ ነጥብ፣ ቁጥር ሰባት፣ በካርታው ላይ ስትሄድ ውላ ወደ ማታ ቆመች። መልእክት ገባ፤ «ቆሜያለሁ። ሌላ።»

ብፅአት «እባክዎ ምክንያቱን ያብራሩ» የሚል ላከች። መልስ የለም። ማክሰኞ ጠዋት እንደገና፤ «ቆሜያለሁ። ሌላ።» ማክሰኞ እኩለ ቀን ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። በደንቡ መሠረት ሾፌር ያለ በቂ ምክንያት ከቆመ ሲስተሙ ሥራውን ከሱ ወስዶ ለሌላ ይሰጣል፤ ይህን ደንብ ሉጥፊ ነው ያስጨመረው። ማክሰኞ ከሰዓት የጣሃ ስም ቀላ፣ ያዕቁብም «ተራዎ ወደ ሐሙስ ተላልፏል» የሚል መልእክት ደረሰው። ብፅአት ቀዩን ስም አየችና ትንሽ ተናደደች። «ሰውየው ማብራሪያ መጻፍ አይፈልግም» ብላ አሰበች። ጥቂት ቆይቶ ግን ነጥቧ ስትንቀሳቀስ አየች፤ ተነሥታ አራት መቶ ሜትር ያህል ሄዳ ቆመች። «ይኸው ተነሣ» አለች፣ ቀለል አላት። ማታ ነጥቧ ግራጫ ሆነች። በዚያ አካባቢ ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አጭር መልእክት ቢያልፍ እንኳ ጥሪ አያልፍም፤ ነጥብም በቀን አምስት ጊዜ ግራጫ ይሆናልና አላስደነቃትም።

ረቡዕ ጠዋት የጣሃ ሚስት ባሕሪያ ቢሮ መጣች። ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። በሩ ላይ ቆማ ሰላምታ ሰጠች፣ ይቀመጡ ስትባል አልተቀመጠችም።

«ጣሃ ከሰኞ ጀምሮ አልደወለም» አለች። «ሁልጊዜ ማታ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ይደውላል። ኔትወርክ ሲያጣ እንኳ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው የሚደውል።»

ብፅአት ልታረጋጋት ፈልጋ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረችው። «ይኸውልዎት እትዬ ባሕሪያ፣ ይችን ነጥብ ያዩዋታል? ቁጥር ሰባት ናት። ትናንት ከሰዓት ተንቀሳቅሳ ነበር። አሁን ኔትወርክ ስለሌለ ነው ግራጫ የሆነችው። ደህና ናቸው።»

ባሕሪያ ጎንበስ ብላ ነጥቧን ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ይቺ ትራክተሯ ናት» አለች ቀና ስትል። «እኔ የምጠይቅሽ ስለ ጣሃ ነው።»

ብፅአት ስክሪኑን ወደ ራሷ መለሰች። «እከታተለዋለሁ» አለች። ባሕሪያ አመስግና ወጣች።

ያረጋል መጋዘኑ በር ላይ የናፍታ ማጣሪያ እየጠረገ ነበር። ባሕሪያን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተነሣ። የሁለቱ ቤተሰቦች የቆየ ጉርብትና አላቸው። ፊቷን አየና «ምን ሆነሻል?» አላት። ነገረችው። እሱም ጠየቃት፤ መቼ ነው ያናገረሽ፣ ምን አለሽ፣ ድምፁ እንዴት ነበር። ባሕሪያም እየተጠየቀች ስትሄድ ቢሮ ውስጥ ያላለችው ነገር ወጣ። እሑድ ማታ ጣሃ ሲደውል «ወገቤን ቆረጠኝ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል» ብሏት ነበር።

«ይህን ለልጅቱ ነገርሻት?»

«አልጠየቀችኝም።»

ያረጋል እሷን ከጥላው አስቀምጦ ቀጥታ ወደ ቢሮ ገባ። ሥራው ከተወሰደበት ወዲህ እዚያ ሲገባ የመጀመሪያው ነው።

«ብፅአት፣ ጣሃ ከሰኞ ወዲህ ምን ብሏል?»

«ቆሜያለሁ ብለዋል። ሦስት ጊዜ። ምክንያቱን ግን 'ሌላ' ነው የሚሉት፣ አብራሩ ብላቸው አይመልሱም።»

ያረጋል የሰማውን ያላመነ ይመስል አያት። «ጣሃ? አንድ ነገር ጠይቀሽው ዐሥር ነገር የሚመልስ ሰው፣ ሦስት ጊዜ 'ሌላ' ብሎ ዝም?» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እስቲ ያንን ዝርዝር አሳይኝ።»

አሳየችው። ያረጋል ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ ናፍታ፣ ጎማ፣ ሞተር፣ ማረሻ። ጣቱ መጨረሻው ላይ ቆመ። «ሰው ቢታመምስ የቱን ይነካል?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልጎ ነው የጠየቃት።

ብፅአት ዝርዝሩን እንደ ባዕድ ጽሑፍ አፈጠጠችበት። ትራክተር ሊታመም የሚችለውን ሁሉ ጽፋለች። ሰውየውን አልጻፈችውም።

ያረጋል የጣሃን ስልክ ሞከረ፤ ዝግ ነው። ቀጥሎ ለያዕቁብ ደወለ። ያዕቁብ አንሥቶ «አሁን ገና አስታወሳችሁኝ?» ብሎ ጀመረ። ያረጋል አስጨረሰው፤ ሰው ሲናደድ ማቋረጥ እንደማይጠቅም ያውቃል። ቁጣው ሲበርድ ያዕቁብ የሚያውቀውን ነገረው። ሰኞ ማታ ከባድ ዝናብ ጥሎ፣ ወደ መሬቱ የሚያስገቡት ሁለቱም ኸሮች፣ በክረምት ብቻ የሚሞሉት ወንዞች፣ ሞልተው ነበር። ትራክተር አልደረሰውም። «ተራህ ተላልፏል የሚል መልእክት ሲመጣልኝ፣ ትራክተሩን ወደ ሌላ ሰው ወሰዳችሁት ብዬ ተቀየምኩ» አለ። «ጣሃ በሁለቱ ኸሮች መካከል ቀርቶ ከሆነ እኔ የት ላውቅ?»

ብፅአት ይህን እየሰማች የነጥብ ሰባትን ጉዞ ከሰኞ ጀምሮ ከፈተች። ነጥቧ የመጀመሪያውን ኸር ተሻግራለች፣ ሁለተኛው ጋ ቆማለች። ከዚያ የማክሰኞዋን እንቅስቃሴ ሰዓቷን አየች። አራት መቶ ሜትሩን ለመሄድ ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቷል።

«ጋሽ ያረጋል» አለች። «ይህ ነጥብ የስልኩ እንጂ የትራክተሩ አይደለም። ትራክተር እንዲህ ዝግ ብሎ አይሄድም። በእግራቸው ነው የሄዱት። ስልካቸውን ይዘው ከትራክተሩ ወርደዋል፤ ማታ ባትሪው አለቀ።»

«የት ላይ ነው የቆመ?»

ካርታው ላይ ከሣርና ከጭቃ በቀር የሚታይ ነገር የለም። እሷ ከኸሩ ያለውን ርቀት ነገረችው፣ በየት በኩል እንደሆነ ነገረችው። ያረጋል ዐይኑን ጨፍኖ አሰበ። «ከፍ ያለች ቦታ ናት? ወደ ምሥራቅ?» አለ። «እዚያ የድሮ የሰሊጥ ጠባቂዎች ራኩባ ነበረ። የሣር ዳስ። ውኃ ሲመጣ ሰው የሚሸሽ ወደዚያ ነው።»

ሉጥፊ ሲነገረው መጀመሪያ «ትራክተሩስ?» አለ። ወዲያው የራሱ ቃል አሳፈረውና ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣ። «ያላ፣ እንሂድ። እኔ እነዳለሁ።» በቦክሲው፣ ማለትም በፒክ አፑ፣ አራት ሆነው ወጡ፤ ባሕሪያ አልቀርም አለች። በመንገድ ያረጋል ለያዕቁብ ደጋግሞ እየደወለ የት እንደሚጠብቃቸው ተስማሙ። ብፅአት ኔትወርክ ሳይጠፋ የነጥቧን ቦታ ስልኳ ላይ አስቀመጠች። ባሕሪያ ከኋላ ከእሷ ጎን ተቀምጣ ስለነበር በየጊዜው ትከሻቸው ይነካካል።

አስፋልቱ አልቆ ጭቃው ሲጀምር ያዕቁብ ከጎረቤቱ የተዋሰውን ትራክተር አስነሥቶ ይጠብቃቸው ነበር። ቂሙን ረስቶታል። «ውኃው ጎድሏል፣ ከላይ በኩል ድንጋያማ መሻገሪያ አለ» አለ። ባሕሪያንና ሉጥፊን መኪናው ጋ ትተው ሦስቱ ትራክተሩ ላይ ተንጠልጥለው ተሻገሩ። የጣሃ ትራክተር ሁለተኛው ኸር ዳር፣ እስከ ግማሽ ጎማው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። ብፅአት ስልኳን ይዛ ፊት ቀደመች። ሣሩ እስከ ደረቷ ይደርሳል። «ወደ ግራ... ሃምሳ ሜትር... እዚህ አካባቢ ነው» ትላለች። ያረጋል ከኋላዋ «ጣሃ! አንተ ጣሃ!» እያለ ይጣራል።

ራኩባው ግማሹ ፈርሷል። ጣሃ በቀረው ግማሽ ሥር፣ የዘር ጆንያ ላይ ተጋድሞ አገኙት። ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። አጠገቡ ያለው ጀሪካን ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። ብፅአት ተንበርክካ ስሙን ስትጠራው ዐይኑን ገልጦ ማንነቷን ለየና በቀጭን ድምፅ፣

«ልጄ፣ አስገብቻለሁ እኮ» አላት። «በሲስተሙ አስገብቻለሁ። ሦስት ጊዜ።»

ብፅአት እጁን ያዘች። ያረጋል በሌላ በኩል ብብቱ ሥር ገብቶ አነሣው። «አውቀናል፣ ደርሶናል መልእክትህ» አለው። «አሁን አውራኝ። እስከ መኪናው ድረስ እያወራህ ትሄዳለህ፤ ዝም እንዳትል።» ጣሃም እየቃዠ እያወራ ሄደ። ስለ መተማ፣ ስለ አንድ የሞተ በሬ፣ ትራክተሩን ውኃ ወስዶት እንደሆነ። ባሕሪያ ከሩቅ ድምፁን ስትሰማ ጭቃው ውስጥ እየሮጠች መጣች፤ ጫማዋ አንዱ እዚያው ቀረ።

ገዳሪፍ ሆስፒታል ሐኪሙ ወባው ወደ ጭንቅላቱ ሊወጣ እንደነበር ነገራቸው። «አንድ ቀን ቢዘገይ» ብሎ ጀመረና ባሕሪያ መኖሯን አይቶ ተወው። ጣሃ ዘጠኝ ቀን ተኛ።

ብፅአት በማግሥቱ ሉጥፊ ፊት ቆማ ሲስተሙን ልታጠፋው እንደምትፈልግ ነገረችው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም ነበር። ያረጋልም እዚያው ነበረ።

«እኔ ነኝ ዝም ያስባልኳቸው» አለች። «ጋሽ ጣሃ ደውለው ነበር። በሲስተሙ አስገቡት ያልኳቸው እኔ ነኝ። ደብተሩ ይሻላል። ለጋሽ ያረጋል ይመለስላቸው።»

ሉጥፊ ጢሙን አሻሸ። ከዚያ «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ አትደውሉ ብሎ የከለከለው እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን አደረግሽ» አለ።

ያረጋል ራሱን ነቀነቀ። «ደብተሩማ አምሳለን ረስቷታል» አለ። «አትሳሳቱ። ደብተሩ አይደለም የረሳት፣ እኔ ነኝ። የዚያን ሳምንት እናቴ ታማ ነበር፤ ሐሳቤ እሷ ጋ ነበር። ማንም 'ያረጋል፣ ምን ሆነሃል' ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። ደግሞ ትናንት ያቺ ነጥብ ባትኖር ኖሮ፣ ያንን ሁሉ ሣር ስናስስ መሽቶብን ነበር። ታዲያ ለምን እናጠፋታለን?»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ሉጥፊ።

«እሷ ካርታውን ትመልከት፣ እኔ ሰዎቹን ልጠይቅ።»

እንዲህ ሆነ። ብፅአት ያረጋልን አስቀምጣ ዝርዝሩን እንደገና ጻፈች፤ ከሁሉም በላይ «አሞኛል» የሚል አስገባች፣ እሱ ሲነካ ቢሮው ውስጥ ደወል ይጮኻል። ሥራ ነጥቆ ለሌላ የሚሰጠውን ደንብ ሰረዘችው። ሰው ሾፌሩን በድምፅ ሳያናግር ስሙ አይቀላም። ጠዋት ጠዋት የዕለቱ ምድብ ከመላኩ በፊት ያረጋል ለሾፌሮቹ በሙሉ ይደውላል፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ትሰማለች። በመጀመሪያው ቀን ብቻ አንዱ ሾፌር ሚስቱ ልትወልድ መቃረቧን፣ ሌላው ደግሞ ካርታው ደህና የሚለው መንገድ መቆረጡን ሰሙ። ብፅአት ምድቡን በእጇ ለወጠችው።

ሁሉ ነገር አልተቃናም። አንዱ ሾፌር ስለ አማቹ ክፋት ሃያ ደቂቃ ሲያወራ ሉጥፊ በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ያረጋል የሰማውን በሲስተሙ ሲያስገባ «ጨረስኩ» የሚለውን ነክቶ አንድ ያልታረሰ እርሻ እንደታረሰ አስቆጠረ፤ ለማስተካከል ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ጊዜ ደግሞ አብሮ አደጉ ለምኖት ትራክተር ሊያስቀድምለት ፈለገ። ብፅአት ምንም ሳትል ስክሪኑን አዞረችለት። እዚያ ሃይለማርያም የሚባል አንካሳ ገበሬ ስድስት ቀን ሲጠብቅ ይታያል። ያረጋል አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ለወዳጁ ደወለና «ወንድሜ፣ ከፊትህ ሰው አለ» አለው።

ነሐሴ መጀመሪያ፣ ዓርብ ቀን፣ ብፅአት ጣሃን ልትጠይቅ ቤቱ ሄደች። ሆስፒታል በየቀኑ ትሄድ ነበር፤ እዚያ ግን ሰው ይበዛል፣ ባሕሪያም ብዙ አታናግራትም። አሁን ጣሃ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር፣ አንጋረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ከስቷል፣ ጆሮው ይጮኽበታል፣ ወሬው ግን ተመልሷል። ሐኪሙ እስከ ጥቅምት ትራክተር አትንካ ብሎታል፤ ሉጥፊ ግን ለሰሊጡ አጨዳ ቦታህ አለ ብሎ ራሱ መጥቶ ነግሮታል። ይህን ሁሉ ተርኮ ሲጨርስ ለዓርብ ሰላት ተነሣ፤ ጎረቤቶቹ ደግፈውት ወጡ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ብፅአት ስንት ቀን ያዘጋጀችውን ይቅርታ ለመናገር አቀርቅራ ጀመረች። ባሕሪያ በእጇ አስቆመቻት።

«እኔም የምልሽ አለኝ» አለች። «ያን ቀን ቢሮሽ መጥቼ፣ ነጥብ አሳይተሽኝ፣ አመስግኜሽ ወጣሁ። መጮኽ ነበረብኝ። ባሌ ታሞ ነው የሄደው፣ ሰው አስነሡልኝ ብዬ ግቢውን ማናወጥ ነበረብኝ። በመክተብ ውስጥ፣ በቢሮ፣ ሴት ድምፅ አታሰማም ብዬ ጨዋ ሆንኩ። ያረጋል ባያየኝ ቤቴ ገብቼ እጠብቅ ነበር። ጨዋነቴ ነው የሚቆጨኝ።»

«እኔ ግን ብጠይቅዎት ይነግሩኝ ነበር» አለች ብፅአት።

«እነግርሽ ነበር።»

ከዚያ ባሕሪያ የአንጋረቡን ጫፍ በእጇ መታ መታ አደረገች፣ ተቀመጪ ለማለት። ብፅአት እስካሁን ቆማ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። ተቀመጠች።

«ካርቱም ብቻሽን ነበርሽ ጦርነቱ ሲጀመር?» አለች ባሕሪያ።

ከተመለሰች ወዲህ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ብፅአት ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አብራት ትኖር ስለነበረችውና እስከ ዛሬ የት እንደገባች ስላልታወቀችው ፅናት ስለምትባል ጓደኛዋ፣ አውቶቡስ ላይ ስላሳለፈቻቸው አራት ቀናት መናገር ጀመረች። ባሕሪያ አላቋረጠቻትም። ጣሃ ከመስጊድ ተመልሶ ሁለቱን ሲያይ ሊያወራ አፉን ከፈተና፣ ሚስቱ በዐይኗ ስታዘው፣ ምናልባትም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም ብሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ አዳመጠ።